የሰው ሁሉ እህት

በፊዚክስ ዲፓርትመንት እሷን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። አራተኛ ዓመት ናት፤ የተማሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር። ለሐሙስ ሴሚናር ወንበር የምትደረድረው እሷ፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል ቴክኒሻኑን ከምሳው አስነስታ የምታመጣው እሷ፣ አንደኛ ዓመቶችን ለአስጠኚ የምታከፋፍለው እሷ። ፊቱ የማይፈታው የዲፓርትመንቱ ኃላፊ እንኳ ሲያያት "ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቂኝ ነው?" ብሎ ይስቃል። ልጆቹ "እማዬ" ይሏታል።

ታናሽ ወንድሟ ያንኑ ዲፓርትመንት መርጦ ሲመጣ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። እናታቸው ሻንጣውን እየዘጋች፣ "አደራ፣ ከዓይንሽ እንዳይጠፋ" አለቻት።

"እኔ እያለሁ የት ይጠፋል እማ?"

የመጀመሪያውን ሳምንት ይዛው ዞረች። ላቦራቶሪውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ጠባቧን የማኅበር ቢሮ አሳየችው። አስጠኚ ስትመድብ ስሙን ዝርዝሩ ላይ አገኘችው፤ እሱን እኔው ራሴ አስጠናዋለሁ ብላ ሰረዘችው።

ቅዳሜ ቀጠረችው። የመጀመሪያው ቅዳሜ የእንግዳ ተመራማሪ ንግግር ዋለበት። ሁለተኛው የሳይንስ ኤግዚቢሽን። በሦስተኛው ራሱ ቢሮ ድረስ መጣና ደብተሩን በብብቱ ይዞ በሩን ተደግፎ ቆመ። ውስጥ አምስት ስድስት ልጆች ወለሉ ላይ ፖስተር ይቆርጣሉ።

"እታለም፣ ያ የሞገድ ነገር አልገባኝም..."

"ውይ ማሙሽዬ! እየኝማ፣ መተንፈሻ የለኝም። ነገ፣ እሺ? ደግሞ ብቻህን አትቀመጥ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀላቀል እንጂ!"

"እሺ" አለ። ጥቂት ቆሞ ፖስተሩን አየና ሄደ።

በማግስቱ አልተገናኙም። ከዚያ በኋላ አንድ ሐሙስ ሴሚናሩ ላይ ከኋላ ወንበር አየችው፤ እንግዳውን ሸኝታ ስትመለስ የለም። ፈተና ደረሰ፣ አለፈ። እንዴት ሆንክ ብላ በጽሑፍ ጠየቀችው፤ "ደህና" ብሎ መለሰላት።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ ከሰው የማይቀላቀሉትን አንደኛ ዓመቶች እንዴት እናምጣቸው እያለ ሲመክር ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበረች።

"ልጄ፣ ወንድምሽ ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ መጣ። ምን አድርገውት ነው? አይናገርም እኮ።"

እየሮጠች ዶርሙ ሄደች። ፍራሹ ተጠቅልሏል። አጠገቡ የሚተኛው ልጅ ግራ ተጋብቶ አያት።

"ማቋረጫ ፎርሙን ከሞላ እኮ ሳምንት ሆነው" አላት። "አንቺ ምኑ ነሽ?"

"እህቱ ነኝ።"

"እማዬ... የአንቺ ወንድም ነው እንዴ? አንድም ቀን አልነገረንም።"

ዓርብ ቤት ደረሰች። ጓሮ ተቀምጦ የእናታቸውን የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽ መጥቼ ነበር። ሰው ነበረሽ።" ምስማሩን መታ መታ አደረገ። "ሁሌም ሰው ነበረሽ።"

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የሚባል ነገር የለም።

"በሚመጣው ዓመት ትመለሳለህ። ኃላፊውን እኔ አናግረዋለሁ፣ እኔን እምቢ አይለኝም..."

"ተይው እታለም። ሰኞ ከአጎታችን ጋር መስታወት ቤት እጀምራለሁ።"

እናታቸው ራት አቀረበች። ምንም አልወቀሰቻትም፤ ያልተነካውን ሳህን ከፊቷ አነሳችና ወደ ማድቤት ገባች። እዚያ ብዙ ቆየች።

እሷ ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ሊቀመንበርነቱን ለምክትሏ ለቀቀች። ምክንያቱን ለጠየቃት ሁሉ "ደከመኝ" አለች። ከሴሚናሩ ጥግ ጥጉን የሚቀመጡ ሦስት ልጆች ለቅማ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናች፤ ዝናብም ፈተናም አላስቀራትም። ሦስቱም አለፉ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት አቅፈዋት ሲጨፍሩ አብራቸው ሳቀች፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

ወንድሟ አልተመለሰም። መስታወት መቁረጡን ለምዶታል፤ እጁ ላይ ትናንሽ ጠባሳዎች አሉ። ቤት ስትሄድ ስለ አጎታቸው፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ኳስ እያወሩ ያመሻሉ። ፊዚክስን ግን አንዳቸውም አያነሱም።