ሦስተኛው ቀን ላይ የቆመ ታሪክ

ታፈሰ ያንን ታሪክ ሲጀምር ማንንም ሊያነሳሳ አላሰበም። የ2008 ጁላይ ነበር። የታክሲ ሾፌሮቹ ከዳላስ ኤርፖርት ጀርባ ባለው መጠበቂያ ሜዳ ተራቸው እስኪደርስ አንዲት ዛፍ ሥር ተፋፍገው ካርታ ይጫወታሉ። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ጋሼ ንዋይ ነው። ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ከተማ ያለው ጋራዥ አርባ ታክሲ አለው፤ ባለቤቱ ብቅ ብሎ ስለማያውቅ መኪና የሚሰጡትም የሚነጥቁትም ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ንዋይ ናቸው። በዚያ ሳምንት የሾፌሮቹን ኮሚቴ «ከዛሬ ጀምሮ የለም» ብለው በተኑት፤ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ያለ እሳቸው ፊርማ ወረቀት እንዳይለጠፍ ከለከሉ።

«ይሄማ ሻርል አሥረኛ ነው» አለ ታፈሰ ካርታውን እየበወዘ።

«ማነው ደሞ እሱ? በየትኛው ሺፍት ነው የሚሠራው?» አለ ግዛቸው። ሁሉም ሳቁ።

ታፈሰ ፈረንሳይ ሀገር ታሪክ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ ሰባት ዓመት አስተምሯል፤ ከዚያ ዲቪ ደርሶት ዳላስ ታክሲ ያዘ። «ፕሮፌሰር» ይሉታል፤ ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ለሹፈት። ነገራቸው። በ1830 ሻርል የሚባለው የፈረንሳይ ንጉሥ ምክር ቤቱን በተነ፣ ጋዜጦችንም አፈነ። መጀመሪያ አደባባይ የወጡት ሥራ የፈቱት የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ከዚያ አናጢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ተማሪው። የመንገዱን ድንጋይ ፈንቅለው፣ ጋሪና በርሜል ከምረው የፓሪስን ጠባብ መንገዶች ዘጉ። ከየፎቁ ጣውላውም ድንጋዩም ወታደሩ ላይ ይወርድበታል። በሦስተኛው ቀን ከወታደሩ ከፊሉ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ንጉሡ ያን ጊዜ ከከተማ ወጣ ብሎ ልክ እንዳንተ ካርታ ይጫወት ነበር» አለው ግዛቸውን።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዙፋኑን ለቅቆ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሸሸ።»

እዚህ ላይ የታፈሰ ተራ ደረሰና ፎርት ወርዝ የሚሄድ ሰው ጭኖ ሄደ። በማግስቱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ከዚያስ፣ ፕሮፌሰር?» አሉት። ቀሪውን ያውቀዋል። ድንጋይ የፈነቀሉት ቁስላቸውን ሲያስሩ፣ ባለባንኮችና ፖለቲከኞች የንጉሡን ዘመድ ፈልገው አነገሡ። ሕዝቡ የሚያከብረው ሽማግሌ ጄኔራል ሰገነት ላይ ወጥቶ አቀፈው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። በዓመቱ የሊዮን ሸማኔዎች የእጃቸውን ዋጋ ሲጠይቁ ጦር የላከባቸው ያው አዲሱ ንጉሥ ነው። ታፈሰ ይህን ሊል አፉን ከፈተ። ግን ዙሪያውን የከበቡት ፊቶች በርተው ነበር፤ እሱንም ማስተማር ካቆመ ወዲህ እንዲህ ያዳመጠው ሰው የለም።

«አለቀ» አላቸው። «ሦስት ቀን በቃ።»

ሰኞ ጠዋት ግዛቸው ታክሲውን የጋራዡ በር ላይ አጋድሞ ፓርክ አደረገ። ወዲያው ስድስት ሰው ተከተለው፤ ቀትር ላይ ሃያ ሆኑ። ታፈሰ መኪናውን ቤቱ ደጃፍ ትቶ በአውቶቡስ መጣና ከዳር ቆመ። «ያንተስ?» ሲሉት «ፍሬኑ አስቸገረኝ» አለ። ፍሬኑ ደህና ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ደወለና በሾፌሮቹ ስም የሚናገር አንድ ሰው ይምጣልኝ አለ። እንግሊዝኛው የሰላ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰውን ክብረትን ላኩት። ክብረት የጋሼ ንዋይ የእህት ልጅ ነው፤ «ቢሆንም የኛው ሰው ነው» ተባለ። አመሻሹ ላይ ጋሼ ንዋይ አንድ ካርቶን ታቅፈው ወጡ፤ ክብረት በቦታቸው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ቁልፎቹን ተረከበ። በሩ ላይ ሰው ሁሉ እያየ ግዛቸውን አቀፈው፤ ተጨበጨበ። ታፈሰም እያጨበጨበ ሳለ ይህን እቅፍ የት እንደሚያውቀው ትዝ አለው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክብረት የግዛቸውን መኪና ወሰደ። «በር መዝጋት የለመደ ሰው ነገ እኔም ላይ ይዘጋል» አለ አሉ። ግዛቸውን ያንገበገበው የመኪናው ነገር ብቻ አይደለም። ሚስቱ አሰለፈች ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ የኤምባሲ ቀጠሮ ደርሷታል፤ ባሏ ሥራ እንዳለው የሚያስረዳ ደብዳቤ ካልያዘች ቪዛው አይታሰብም።

ታፈሰ ክብረት ቢሮ ገባ።

«መኪናውን መልስለት፤ ደብዳቤውንም ጻፍለት።»

«ፕሮፌሰር፣ ተቀመጥ እንጂ። ማለቴ፣ ያን ሰሞን ያንተ መኪና የት ነበር?»

ታፈሰ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«አየህ? ብልጥ ነህ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የምትነዳው።» ክብረት ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «ኦኬ፣ መኪና እጥበት ላይ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። እዚያ ይግባና በዚያ ሥራ እጽፍለታለሁ። መኪናውን ግን እርሱት። ያንን ታሪክህንም መጠበቂያ ሜዳው ላይ ሁለተኛ እንዳታወራ።»

«እሺ» አለ ታፈሰ። እንዴት ፈጥኖ እንዳለው ራሱም ደነገጠ።

ግዛቸው እጥበት ገባ። በሳምንቱ ታፈሰ መኪናውን ሊያሳጥብ ሲመጣ፣ ግዛቸውን ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የውሃ ጎማ ይዞ አገኘው። ደብዳቤው ተልኳል፤ የአሰለፈች ቀጠሮ ሐሙስ ነው።

«ያ ታሪክህ» አለ ግዛቸው ጎንበስ ብሎ ቸርኬውን እያሸ። «ፀደንያ፣ ዴንተን ከተማ የምትማረዋ የእህቴ ልጅ፣ ከኢንተርኔት አነበበችልኝ። አላለቀም ነበር ለካ።»

«አላለቀም።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ብነግራችሁ ወኔያችሁ ይሰለባል ብዬ…» እውነቱ ያ እንዳልሆነ እያወቀ ተወው።

ግዛቸው ሳቀ፤ ቂም አልነበረበትም። «ወኔያችን? አንተ ሰውዬ፣ ብትነግረኝም እኮ በሩን እዘጋው ነበር። በሩን በመዝጋቴ አልቆጭም። ክብረትን ግን አልልከውም ነበር። በዚችው በምታውቃት እንግሊዝኛዬ ራሴ እሄድ ነበር።»

ታፈሰ ይህን አላሰበውም። ያን ሁሉ ቀን ራሱን ሲወቅስ የከረመው ሰውየውን አነሳሳሁት ብሎ ነበር። አሁን ግን ቢቆጣው፣ ቢሰድበው በወደደ።

«ግዛቸው…»

ከኋላ የተሰለፈው ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ። ግዛቸው ቀና ብሎ መስታወቱን በጨርቁ አንዴ ጠረገለት።

«ንዳው፣ መንገድ ዘጋህ እኮ» አለው።