አጥር ላይ የወጣው ሰው

ከዐረብ አገር የሚመለስ ሰው መቼም ባዶ እጁን አይገባም። አንዱ ወርቅ ያመጣል፣ አንዱ ቴሌቪዥን፣ አንዱም የወገብ ሕመም። ዘይኑልአቢዲን ኮምቦልቻ ሲገባ ይዞት የመጣው ወሬ ነበር። ዓመታቱን የፈጀው በአንድ ባለጸጋ የዱር እንስሳት ግቢ ውስጥ አውራሪስ ሲጠብቅ ነው፤ ሻንጣው ቀላል ስለሆነበት አፉን ሞላ።

ወሬውን የኮምቦልቻ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ጥቁሩ አውራሪስ እያጓራ ሲንደረደር ኦቲየኖ የሚባለው ኬንያዊ የሥራ ጓደኛው አጥር ላይ ወጥቶ «እናቴ!» ብሎ ጮኸ። ዘይኑ ግን ንቅንቅ አላለም። እጁን ዘርግቶ ቢያፏጭለት ያ ጉደኛ አውሬ እንደ በግ ገራለት። ዘበኛ ሆኖ በተቀጠረበት ፋብሪካ ወዛደሩ «አውራሪሱ» ይለዋል፤ የሰፈሩ ልጆችም አጥር ላይ እየተንጠለጠሉ «እናቴ!» ይላሉ፣ ኦቲየኖን መሆናቸው ነው። ሚስቱ ሸሪፋ ለስንቱ ጎረቤት በኩራት አውርታዋለች።

እውነቱ እንዲህ ነው። ዘይኑ የሚያውቀው ነጮቹን አውራሪሶች ነበር። ነጭ ይባሉ እንጂ መልካቸው አመድማ ነው፤ አፋቸው ሰፊ፣ ሣር ጋጭ፣ አብረው የሚውሉ፣ የለመዱትን ድምፅ ሲሰሙ ጎናቸውን ሰው እንዲያክላቸው ወደ ብረቱ የሚጠጉ ናቸው። ጥቁሩም ያው አመድማ ነው፤ ጠባዩ ግን ለብቻ ነው። ከንፈሩ ሹል፣ ቅጠል በል፣ ብቻውን የሚውል፣ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ኮሽ ባለበት ሁሉ የሚወረወር። ያን ቀን ዘይኑ ነጮቹ የለመዱትን እጅ ይዞ፣ ኦቲየኖ «ተው!» እያለው ጥቁሩ ጋ ገባ። ፉጨቱን ሳይጨርስ አውሬው ደረሰበት። ኦቲየኖ ሮጦ ገብቶ ጃኬቱን ወደ ጎን ወረወረ፤ አውሬው ጃኬቱን ሲከተል ዘይኑ አመለጠ። አጥር ላይ የወጣውም፣ እናቱን የጠራውም ዘይኑ ራሱ ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የዘይኑ ውሸት ግን ለሌላ ሰው ስንቅ ሊሆን ነው። የሸሪፋ እህት ልጅ ጁነይድ እዚያው ግቢ ሥራ አገኘ፤ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው እናቱ ጣይባ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤቷ የመሸኛ ዱዓ አደረገች። ዘይኑና ሸሪፋም ከኮምቦልቻ ወጡ።

ጁነይድ ዘይኑን ገና በር ላይ አገኘውና እየሳቀ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሰሙ? የመደቡኝ ጥቁሮቹ ጋ ነው። አለቃዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ኦቲየኖ! ያ ፈሪ እኔን ሊያዝ! ወላሂ፣ በመጀመሪያው ቀን እጄን ዘርግቼ አፏጭቼ አሳየዋለሁ።»

ዘይኑ ጎተት አድርጎ ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ስማኝ ጁነይድ። ጥቁሩ ጋ እንዳትገባ። ኦቲየኖ ያለህን ብቻ አድርግ።»

«አብሽር ጋሼ፣ አይስጉልኝ።»

«ስጋት አይደለም። ያ ወሬ... እንደዚያ አልነበረም።»

ጁነይድ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጀግና መቼ ራሱን ያወድሳል!» ብሎት ወደ ቤት ገባ።

ዘይኑ ጓሮ ቀረ። ለአንድ ሰው፣ በሹክሹክታ፣ ክብሩ ሳይነካ እውነቱን ነግሮ ሊገላገል ነበር ያሰበው። አልሆነለትም። እንዲህ ያለውን ውሸት የሚነቅለው በሰው ፊት የተነገረ እውነት ብቻ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ይዞ መጥፋትም አማረው። ግን የጣይባ ልጅ ሬሳ ሆኖ ሲመጣ ታየውና ገባ።

ዱዓው ሲያበቃ ምክር ተጀመረ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ ሙሄዲን፣ «በል ዘይኑ፣ አውሬውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ለልጁ የምትለውን በል» አሉት።

«አላውቀውም ያ ሸህ» አለ ዘይኑ። «ጥቁሩን አላውቀውም። አጥር ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ያዳነኝ ኦቲየኖ ነው። እኔ ነኝ እዚህ መጥቼ ፈሪ ያደረግሁት።»

አንድ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሸሪፋ ባሏን አላየችውም፤ ምንጣፉን ነበር የምታየው። ዘይኑ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«እና ጥቁሩ ሲመጣብኝ ምን ላድርግ?» አለ ጁነይድ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ እንጃ። የሚያውቀውን እንጠይቀው።»

ዘይኑ በዋትሳፕ ደወለ። ኦቲየኖ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል በደስታ ጮኸ። በሥራ ቦታ በለመደው ዐረብኛ፣ «ወንድሜ! እነዚህ ሁሉ ያገርህ ሰዎች ናቸው? ስለ እኔ ነግረሃቸው ታውቃለህ?» አለው።

ዘይኑ ስልኩን ከፊቱ አራቀው። ዐረብኛ ከኪታብ የሚያውቁት ሸህ ሙሄዲን እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉት።

«ነግሮናል» አሉ። «ነፍሱን እንዳተረፍክለት ዛሬ ነግሮናል። ይህ ልጅም አደራህ ነው።»

ኦቲየኖ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ልጁ ልጄ ነው። ዘይኑ እኮ ጥሩ ሰው ነው፤ እዚህ ሳለ ማንንም በክፉ ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም።»

ሸሁ ይህንንም ለተሰበሰበው ሰው ተረጎሙት። ማንም አልሳቀም። ዘይኑ «ምነው በሰደበኝ» አለ በልቡ፤ ፊቱንም በሁለት እጁ ሸፈነ።