አንድ እግር ጫማ

ጫማው አንድ እግር ብቻ መሆኑን ያየችው ልጇ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ሁሉንም ተረክቤያለሁ ብላ ከፈረመች በኋላ።

ሻንጣውን አውሮፕላን ማረፊያ ሲያስረክቧት መነጽሯን አላደረገችም ነበር። አንድ ድምፁ ለስለስ ያለ ሠራተኛ ከወረቀት ላይ አነበበላት፣ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ላይ ፈረመች፣ በቃ። ሻንጣው ከዚያ ወዲህ የልጇ አልጋ ሥር ተገፍቶ ቆየ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን፣ ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ትንሽ ጋደም ልበል ብላ ገባችና ጎትታ ከፈተችው። ወርዱ ለሦስት ሰው የሚበቃ ባለመስመር ሱሪ። የሱሪ ማንጠልጠያ። አንድ ከረጢት ሙሉ ያልተነፋ ፊኛ። የፊት ቀለም ሣጥን፤ ቀዩ ተጠርጎ ያለቀ። ከሁሉም ሥር ጫማው፤ ቢጫ፣ አፍንጫው ቀይ፣ ርዝመቱ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ።

ሁለተኛውን ፈለገች። ኪሶቹን በረበረች፣ ገበሩን ዳበሰች፣ ሻንጣውን ዘቅዝቃ አራገፈችው። የለም።

"አውቄዋለሁ" አለች በሹክሹክታ።

ልጅሽ በእንቅልፏ ነው ያረፈችው ብለዋት ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ፣ ሌሊት፣ ምንም ሳይሰማት። የሐኪሙ ወረቀትም የሚለው ይህንኑ ነው። እሷ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጉንፋን እንኳ በቅጡ ያልያዛት ልጅ ተኝታ ትቀራለች ብላ አላመነችም። በወጣትነቷ አንድ ጠዋት መንገድ ላይ መኪና የገጨው ሰው አይታለች። ሰውየው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ አንድ እግር ጫማው ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ሰው ሁሉ ረስቶት፣ ለብቻው ቁጭ ብሏል። ስንት ዓመት ሙሉ ከዓይኗ ያልጠፋው ሬሳው ሳይሆን ያ ጫማ ነው። አሁን መጥቶ እጇ ላይ ያረፈ መሰላት። መኪና ነው የገጫት። ወይ ከፎቅ ወድቃለች። ሆዷ እንዳይባባ ብለው እውነቱን ሸፋፍነውባታል። እንግዲህ ልጇ መንገድ ላይ ወድቃ፣ ማንን ስትጣራ፣ ለስንት ሰዓት...

ይህን ሊነግራት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ሁለት ቀን ከበር መልሳዋለች።

ሰውየው መጀመሪያ የመጣው ከቀብር መልስ ነው። የለቅሶ ቤት በር ክፍት ነው፤ የመጣ ሁሉ ዘው ይላል። እሱ ግን ክፍቱን በር በጣቱ ሁለት ጊዜ ቆርቆር አድርጎ፣ ደፉ ላይ ቆሞ "ልግባ?" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነፋስ የሚያጥፈው የሚመስል። ማን እንደሆነ አላጣችውም። ሽቦ ነው የሚሉት። ልጇን በየአገሩ እያዞረ፣ በየትምህርት ቤቱና በየወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያው አብሯት ፊቱን እየተቀባ፣ ልጆች ለማሳቅ የሚወድቅ የሚነሳው ሽቦ። እሷም ልጇ አብረው ያሉበትን ፎቶ ስታሳያት ፊቷን ታዞር ነበር።

"አይ" አለችው።

እሱም አልተከራከረም። እጅ ነስቶ ሄደ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣና ቆርቆር አደረገ። ልግባ? አይ። እጅ ነስቶ ሄደ።

ሳሎን ውስጥ ሹክሹክታው ሁሉ ስለ እሱ ሆነ። አንዷ የልጅቷ እጮኛ ሳይሆን አይቀርም አለች። ሌላዋ እጮኛ እንዲህ እንደ ፖስተኛ በር ላይ ይቆማል ወይ ብላ ሞገተች። የእናቲቱ ታላቅ እህት፣ የቤቱን ነገር ሁሉ በእጇ የያዘችው፣ ሻይ እየቀዳች፣ "እጮኛ ቢኖራት እኔ አጣው ነበር?" ብላ ወሬውን ቆረጠችው። ለሰው የቆረጠችውን ወሬ ግን ለራሷ አልቆረጠችም፤ ማታ ማታ እህቷን ማነው ያ ሰውዬ እያለች ትጨቀጭቃት ነበር። እናቲቱ ብርጭቆ ልሰብስብ ብላ ትነሳ ነበር። ሽቦ ማን እንደሆነ መናገር ማለት ልጇ ምን እንደነበረች መናገር ነው፤ ያንን ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብቃለች።

ልጇ መነጽር ቤት ነበር የምትሠራው። መስታወት ሞርዳ ከፍሬም ጋር ታገጣጥማለች። ጨዋ ሥራ። አንድ ቀን እራት ላይ በዓመት ፈቃዷ ምን ልታደርግ እንዳሰበች ስትናገር፣ እናት የያዘችው ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

"ቀይ አፍንጫ አድርገሽ? ሰው አገር? ልትወድቂ?"

"ልጆቹ እንዲስቁ ነዋ፣ እማ። በነፃ ነው ደግሞ።"

"በነፃ ደግሞ!"

ከዚያ ወዲያ እናት ጎረቤት ሲጠይቃት፣ የድሃ ልጆችን ዓይን ልትለካ ሄዳለች ትላለች። መነጽር ታድላለች ትላለች። ውሸቱ በየዓመቱ እየሰባ ሄዶ የሚታደለው መነጽር መቶዎች ደረሰ።

ለነገሩ ሐፍረቱ ብቻ አልነበረም። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወዳቂ ነበረች። ደረጃ ላይ ትወድቃለች፣ ደረቅ ሜዳ ላይ ትወድቃለች፣ ቆማ ትወድቃለች። እናት ከኋላዋ አትሩጪ፣ ትወድቂያለሽ እያለች አሳደገቻት። እንዳትወድቅ ስትጠበቅ የኖረች ልጅ አድጋ መውደቅን ሥራዬ ብላ ያዘች። የሥራ ስሟ እንኳ ዘጭ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ልምምድ ስትይዝ ድው ይላል፤ እናት ከማድቤት ስትሮጥ ትመጣለች፤ ዘጭ መሬት ላይ ተዘርግታ ጣሪያውን እያየች፣ "ምንም አልሆንኩም፣ እማ። ሥራ ላይ ነኝ" ትላታለች።

አንድ ጊዜ፣ እዚሁ ቅርብ፣ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ዝግጅት አለን፣ ነይና እይኝ ብላ ለመነቻት። ለበሰች፣ ሄደች፣ አጥሩ ጋ ደረሰች። ከውስጥ ድው ሲል ሰማች፤ ተከትሎ መቶ የሚሆኑ ልጆች በሳቅ ሲፈነዱ ሰማች። ልጄ ስትወድቅ ቆሜ አላይም ብላ ከአጥሩ ተመለሰች፤ ማታ አውቶቡስ አመለጠኝ አለቻት። ልጅቷም ችግር የለም፣ ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ አለቻት።

በተጓዘች ቁጥር የማትፈራው የለም። አውሮፕላኑን ትፈራለች። ውሃውን፣ ትንኙን፣ ውሻውን፣ የሆቴሉን ደረጃ ትፈራለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ስትል እህቷ አፍሽን በቁርጥማት ትላታለች። ስልክ ሲዘጉ ሁልጊዜ የምትለው ግን አንድ ነው፤ ብቻ እንቅልፍሽን በደንብ ተኚ። ከፈራችው ሁሉ እንቅልፍን ብቻ አልፈራችም ነበር።

እንዲህ ፈሪ ሆና ሳለ አንድ ነገር አታደርግም። የቤቱ በር ቁልፍ ከውጭም ይከፈታል፤ ከላይ ያለው መቀርቀሪያ ግን ከውስጥ ብቻ ነው የሚዘጋው። መስኮቱን ሦስት ጊዜ የምታይ ሴት፣ ልጇ አገር ውስጥ ከሌለች መቀርቀሪያውን አትነካም። ድንገት አሟት ወይ ተዘርፋ በሌሊት ብትመለስና ደጅ ብትቀርስ?

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጫማውን በሻርፗ ጠቅልላ ሳሎን ተመለሰችና ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች። የለቅሶው የመጨረሻ ቀን ነበር፤ እህቷ ከዛሬ ወዲያ መቀመጥ የለም ብላ ለሰው ተናግራለች። ሽቦ የሚመጣበት ሰዓት አለፈ። እህቷ ያቀበለቻት ሻይ ፊት ለፊቷ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ። አይመጣም አለች በልቧ። ሁለት ቀን ያባረርኩት ሰው በምን ዕዳው ይመጣል? ሄዷል። እውነቱን ይዞት ሄዷል። ልጇ ስትሞት ማን እጇን እንደያዛት ሳታውቅ እስከ ዕድሜ ልኳ ልትኖር ነው።

መብራት ከተበራ በኋላ በሩ ቆርቆር አለ።

"ልግባ?"

ሻርፑን ፈታችው። ቢጫው ጫማ ጭኗ ላይ ቁጭ አለ። አንዷ ለቀስተኛ ሻይዋን ወደ አፏ እንደወሰደች ቀረች።

"ሌላኛው የት ነው?" አለችው። "መኪና ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ። እችለዋለሁ።"

"ምን መኪና፣ እማማ?" ሰውየው ጫማውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ሌላኛውን እሷው ናት የሰጠችው።"

"ለማን?"

"ገብቼ ልንገርዎት?"

አየችው። ደፉን በጫማው ጫፍ እንኳ አልነካም።

"ግባ" አለችው።

እህቷ ጫማውን ከጭኗ አንስታ እያገላበጠች ይሄ ደግሞ የምን ጉድ ነው አለች። እናቲቱ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ሰው ሁሉ ተናገረች። የልጄ የሥራ ጫማ ነው አለች። ፊቷን ቀብታ፣ ይሄንን አድርጋ፣ እየወደቀች ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ታስቅ ነበር።

"ታዲያ መነጽሩስ?" አለች እህቷ።

"መነጽሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ እትዬ።"

ከዚያ አግዳሚ ወንበሮቹን ተውሶ ያመጣው ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ድሮውንም ያውቅ ነበር። አንድ ሰሞን አውቶቡሱ በር ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ወድቃበታለች። በሦስተኛው አውቶቡሱን አቁሞ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ቢላት፣ "ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ነኝ፣ ለእማ እንዳይነግሩብኝ" አለችው። አምስት ዓመት አፉን ይዞ ኖረ። ሴቶቹ ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁም ሳያልቅ እንባ ሆነ።

ሽቦ ከእናቲቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ረጃጅም እጆቹን ጉልበቱ መካከል አድርጎ ነገራት። በሥራቸው አንድ ሕግ አለ። የልጁ ክፍል በር ላይ ቆመው ያንኳኳሉ፣ ልግባ ይላሉ። ልጁ እምቢ ካለ እጅ ነስተው ይሄዳሉ። ብላ ሲሉት የሚበላ፣ ተኛ ሲሉት የሚተኛ፣ ተነስ ብለው ከቤት ወደ ቤት የሚወስዱት ልጅ በዓለም ላይ አይ ብሎ የሚመልሰው ሰው ቢኖር እነሱን ብቻ ነው። ስለዚህ አይ ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። የዘንድሮው ማሳደጊያ ኮሪደር ጫፍ ላይ አንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች፤ ከመጣች ጀምሮ ከክፍሏ ወጥታ አታውቅም። ዘጭ ሦስት ቀን አንኳኳች፤ ሦስት ቀን አይ ተባለች። በአራተኛው ቀን ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ አይ አለች፤ ግን በጣቷ ወደ ጫማው ጠቆመች። እሱ ይግባ ማለቷ ነው። ዘጭ አንዱን አውልቃ ከደፉ ወዲያ አስቀመጠችላት። በሩ ተዘጋ።

"ከዚያ በኋላማ" አለ ሽቦ፣ "ቀኑን ሙሉ በአንድ እግሯ እየነጠረች፣ በየአሥር እርምጃው ዘጭ እያለች ዋለች። ልጆቹ መተንፈስ አቃታቸው። የዚያን ቀን የሳቁትን ያህል ስቀው አያውቁም።"

እናቲቱ ቀና ብላ አላየችውም። "ማታስ?"

እሱም ይሄንን ሊመልስ ነበር ሦስት ቀን የተመላለሰው። ማታ ራሴን አመመኝ አለችው። እሱም ደክሞሽ ነው፣ ተኚና ይለቅሻል አላት። ክኒን ሰጣት፣ መብራቷን አጠፋላት። ጠዋት ሲያንኳኳ... ሐኪም ጋ ይዤያት ብሄድ ኖሮ አለ። እኔ ነኝ ተኚ ያልኳት አለ።

እህቷ ሻይ መቅዳቱን ትታ ቆማ ቀረች። እናቲቱ ክፉ ነገር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ ይሄንን ግን አልጠበቀችም። ከሁለት ቀን በፊት ሰምታው ቢሆን ኖሮ ምን ትለው እንደነበር ታውቀዋለች። አሁን ግን የልጇ ጫማ በሰው አገር ክፍል ደፍ አልፎ ሲገባ ይታያታል።

"እኔ ዘንድ ሆና ብትነግረኝም" አለች በመጨረሻ፣ "ተኚ ነበር የምላት። ዕድሜዬን ሙሉ የምላት እሱን ነው።"

ሽቦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቆይቶ፣ ጫማውን ለምን ተቀብሎ እንዳላመጣ ጠየቀችው። የማሳደጊያዋ ሞግዚት ላምጣልህ ብላው ነበር፤ ተይው አላት። ሊሄድ ሲል በኮሪደሩ ሲያልፍ የልጅቷ በር ለመጀመሪያ ጊዜ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጫማው ከልጅቷ ሁለት ትናንሽ ጫማዎች ጎን ተደርድሯል፤ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሯል፤ ተመልሶ የሚወጣ ሰው እንደሚያደርገው።

ለቀስተኛው አንድ በአንድ እጇን እየጨበጠ ወጣ። ሽቦም ተነሳ።

"ልሂድ?" አላት።

"አይ" አለችው።

ተመልሶ ተቀመጠ። እህቷ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍታ ትኩስ ቀዳችለት፤ እጮኛዋ አልነበርክም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ አይ፣ አብረን የምንወድቅ ነን አላት። ሁለተኛ ልሂድ ሲል እናቲቱ ሂድ አለችው፤ አንኳክተህ ደግሞ ና አለችው።

ሹፌሩ ወንበሮቹን ደራርቦ ወሰደ። እህቷ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት። እናቲቱ ብርጭቆዎቹን አጠበች፣ መስኮቶቹን አየች፣ ደግማ አየች። ከዚያ ቢጫውን ጫማ አምጥታ በሩ ሥር፣ ከራሷ የቤት ጫማ ጎን አስቀመጠችው። አፍንጫውን ወደ በሩ አዞረችው።

ቁልፉን ቆለፈች። እጇ ወደ ላይኛው መቀርቀሪያ ሄደና ቆመ። በጣቷ በሩን ከውስጥ ሁለት ጊዜ ቆርቆር አደረገችው።

"ልዝጋው?" አለች በቀስታ።

አንድ ሰው አይ እስኪል የሚጠበቀውን ያህል ጠበቀች። ከዚያም በላይ ጠበቀች። መቀርቀሪያው ሰንብቶ ስላልተነካ ጠብቆ ነበር፤ በመዳፏ ደጋግማ ገፋችው፤ ገባ።