የጎደሉት ስድስት ክሬዲቶች

"እንደገና ይንገሩኝ" አለች ዊልዳ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ የወረቀት ካርቶን ላይ እየተቀመጠች። "መቶ ሃያ ሦስት ክሬዲት አለኝ። የሚፈለገው መቶ ሃያ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?"

የትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከኮሪደሩ ማዶ የአንደኛ ክፍል ልጆች ምሳቸውን እየበሉ ይንጫጫሉ። ያነጋገራት የኮሌጁ ሬጅስትራር ሠራተኛ ድምፁ የወጣት ነው።

"ብዛቱ አልጎደለም፣ ወይዘሮ ኬሲንገር። ግን ከመቶ ሃያው ውስጥ ሠላሳው እዚሁ እኛ ኮሌጅ የተወሰደ መሆን አለበት። የቀረው ከየትም ይምጣ። እርስዎ ከእኛ የወሰዱት ሃያ አራት ነው። መስከረም ላይ ሁለት ኮርስ ከሌላ ኮሌጅ፣ ከካውንቲው፣ ወስደዋል። እነሱን እዚህ ቢወስዷቸው ኖሮ አልቆልዎት ነበር።"

"እዚያ ውሰጂ ያለችኝ እኮ የእናንተው አማካሪ ናት።"

ወጣቱ መዝገቧን ከፈተ። የኮምፒውተር ቁልፎች ሲነካካ ይሰማታል።

"ጥር ላይ ስምዎ ያለበት፣ ክሬዲት የጎደላቸው ተማሪዎች ዝርዝር ለአማካሪዎ ተልኳል፤ እንዲነግሩዎት። ያኔ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሳምንት ይቀረው ነበር። አልነገሩዎትም?"

ዊልዳ አመስግና ስልኩን ዘጋችው።

አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ኮረብቶች መሃል ባለች በዚያች ትንሽ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት ረዳት መምህር ሆና ሠርታለች። ፊደል የጠፋባቸውን ልጆች አጠገቧ አስቀምጣ ንባብ የምታስይዛቸው እሷ ናት፤ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን የሌላ ሰው ስም ነው። ዘንድሮ የንባብ መምህሯ ጡረታ ልትወጣ ነው። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ኦክስሊ ቦታውን ለዊልዳ ይዛላታለች፤ ዲግሪው እስከ ሰኔ መጨረሻ ከደረሰ። ለዚያ ዲግሪ ዊልዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሯን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እየከፈተች ተምራለች። ምረቃው የፊታችን ቅዳሜ ነው።

አማካሪዋ ኮሪን ስታምፐር ናት። ከአሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ አይለያዩም፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ባንድ ጎን ለጎን ክላርኔት ነፍተዋል። የኮሪን ባል ጥሏት ሲሄድ ሦስት ወር የኖረችው ዊልዳ ቤት ነው። "አንቺ ብቻ ተመዝገቢ፤ ወረቀት ወረቀቱን ለእኔ ተዪው" ብላ ኮሌጅ ያስገባቻትም ኮሪን ናት።

ልጆቹ እንደተበተኑ ዊልዳ መኪናዋን አስነስታ የወንዙን መንገድ ይዛ ወደ ኮሪን ቢሮ አርባ ደቂቃ ነዳች።

"ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ?" አለች ኮሪን ከወንበሯ ሳትነሳ፤ ፈገግ ብላለች። "የምረቃ ጋውኑ ጠበበሽ እንዴ?"

"ጥር ላይ ዝርዝሩ ደርሶሽ ነበር።"

ኮሪን ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ተመልሳ ስትቀመጥ ፈገግታው የለም።

"ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"በየቀኑ። ዝርዝሩ የመጣ ዕለት ደወልኩልሽ፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ ዘጋሁት። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፣ ሳምንቱ አለቀ። ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ብነግራት ከማቃጠል ሌላ ምን ይጠቅማታል ብዬ..."

"የካቲት ላይ ለልደቴ ኬክ ይዘሽ መጣሽ። 'መምህርት ዊልዳ' ብለሽ አስጽፈሽበት።"

ኮሪን አቀረቀረች።

"ዝርዝሩ ላይ ስንት ነበርን?" ስትል ጠየቀች ዊልዳ።

"አምስት።"

"ለሌሎቹስ?"

"ነገርኳቸው። ሁሉም ኮርስ ጨምረው ተመዘገቡ። እነሱ የተሳሳቱት በራሳቸው ነው። ያንቺ ግን የእኔ ስህተት ነበር። አምና በሌላ ተማሪ ተሳስቼ ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል። ሁለተኛ ከተገኘሁ ያባርሩኛል፣ ዊልዳ። የጤና መድኅኔ በዚህ ሥራ ነው። ስኳሬን ታውቂያለሽ።"

"እንዴት አላውቅም። ኢንሱሊንሽ የሚቀመጠው እኔ ፍሪጅ ውስጥ ነበር።"

ኮሪን መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። "ያለቀለት ነገር አይደለም። አቤቱታ ማስገባት ትችያለሽ፤ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለ። እኔ ጽፌልሻለሁ፣ መፈረም ብቻ ነው። ደንቡን ሳላነብ በራሴ ጥፋት ተሳሳትኩ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ ይላል። አቤቱታውን የሚያየው ኮሚቴ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሆደ ቡቡ ናቸው።"

ዊልዳ ወረቀቱን ተቀበለች። ስሟ፣ የመታወቂያ ቁጥሯ፣ የኮርሶቹ ስም፣ ሁሉም በወጉ ተሞልቷል።

"መቼ ነው የጻፍሽው?"

"መጋቢት ላይ" አለች ኮሪን በቀስታ።

ቤት ስትደርስ ባሏ ዴልመር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የዋለበትን ቦት ጫማ በረንዳ ላይ እያወለቀ ነበር። እራት እስኪደርስ ሁሉንም ነገረችው። ዴልመር ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ ይዞ አነበበው።

"በጋውን ሁለቱን ኮርስ ብትወስጂያቸውስ?"

"የሚያልቁት ነሐሴ ነው። ቦታው በሰኔ ይዘጋል። ወይዘሮ ኦክስሊ ልጠብቅሽ ብትል እንኳ አይፈቀድላትም።"

"እንግዲያው ፈርሚና አስገቢው።"

ዊልዳ ግን መነጽሯን አድርጋ የኮሌጁን ገጽ ከፈተች፤ ስለ አቤቱታ የተጻፈውን ከላይ ጀምራ አነበበች። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ደግማ ካነበበችው በኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለዴልመር አነበበችለት።

"'ተማሪው ደንቡን አለማወቁ በምክንያትነት አይቀርብም። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚደረገው ከኮሌጁ ሠራተኛ በጽሑፍ የተሳሳተ ምክር የተሰጠው ተማሪ ብቻ ነው።'"

ዴልመር ሹካውን አስቀመጠ። "ኮሪን ይህን አታውቅም?"

"ሥራዋ እኮ ነው።"

"ታዲያ የሰጠችሽ ወረቀት ምንድን ነው?"

"ውድቅ የሚሆን ወረቀት ነው" አለች ዊልዳ። "እኔ እንድወድቅበት፣ እሷ እንድትተርፍበት።"

"ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቴን ዘግታብኝ ትንፍሽ አላልኩም" አለ ዴልመር። "አሁን ግን የምናገረው አላጣም።"

"አንተ ምንም አትናገርም።"

ስልኳን አንሥታ የመስከረምን መልእክቶች ፈለገች። ጥያቄዋ እዚያው አለ፦ "እርግጠኛ ነሽ? እዚያ ብወስደው ይያዝልኛል?" ከሥሩ የኮሪን መልስ፦ "የትም ብትወስጂው ያው ነው። ስንት ጊዜ ልንገርሽ፣ አታስቢ።" በዚያው ገጽ ከላይም ከታችም ኮሪን ስለ ባሏ የጻፈችው አለ፤ የለመነችው፣ የረገመችው፣ አልቅሳ ያደረችበት። ዊልዳ ገጹን ፎቶ አነሳችና ሁለቱ መልእክቶች ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ከላይም ከታችም ቆረጠችው።

የኮሌጁ የአቤቱታ ቅጽ ላይ የምክር ሰጪውን ስም የሚጠይቅ ቦታ አለ። የቀረውን ሁሉ አስቀድማ ሞላች። ከዚያ "ኮሪን ስታምፐር" ብላ ጻፈችና ላከችው። ወዲያው ደወለችላት።

"አስገባሁት። የአንቺን ወረቀት አይደለም፤ የራሴን ነው። ስምሽ አለበት፣ የመስከረሙም መልእክት ተያይዟል። ስለ ዝርዝሩ አላነሣሁም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።"

"ምን ብዬ ነው ነገ ቢሮ የምገባው?"

"ሳይጠሩሽ ቀድመሽ ሂጂና ንገሪያቸው። የደወልኩት ጊዜ እንዲኖርሽ ብዬ ነው። እኔ ያልተሰጠኝን።"

ኮሚቴው ዓርብ ከሰዓት በኋላ መልስ ሰጠ። ስድስቱ ክሬዲቶች ተነሡላት፤ ዲግሪው ይሰጣት ተባለ። ወይዘሮ ኦክስሊ ወሬውን ስትሰማ ከቢሮዋ ወጥታ ዊልዳን ልጆቹ ፊት አቀፈቻት። ዊልዳም ደስ አላት፤ ደስታዋን ግን የመጀመሪያ ስልክ ደውላ የምትነግራት ሰው እንደሌለች መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ስታስነሳ ተሰማት።

ማምሻውን ኮሪን ደወለች። ቀድማ አለቃዋ ዘንድ ገብታ ነበር። አላባረሯትም፤ ከአማካሪነት አንሥተው መዝገብ ቤት አደረጓት። መድኅኗም አልተነካም።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለች። ቀጥላም፦ "የነገውን የምረቃ መግቢያ ካርድ ይዘሽልኝ ነበር። ልምጣ ወይ? ከኋላ ነው የምቀመጠው።"

ዊልዳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዴልመር ውጭ የመኪናውን መስታወት እያጠበ ነው።

"አትምጪ፣ ኮሪን" አለች።

ስልኩን ዘግታ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች። በእርሳስ የተጻፈበትን የኮሪንን ስም በላጲስ አጠፋችና ጡረታ ለምትወጣዋ የንባብ መምህር ደወለች።