የሸጌ ጣውንት

አራጋው ትራክተር ላይ፣ ሸጌ በእግሯ። የባልና የሚስቱ ኑሮ በአጭሩ ይኸው ነበር። ጥቅምት ሲጠባ፣ ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የሣር መስክ ታጭዶ ሲደርቅ፣ አራጋው የገበሬ ማኅበሩን ትራክተር አስነሥቶ ማሰሪያውን ማሽን ይጎትታል። ማሽኑ ድርቆሹን እያፈሰ ይውጥና ጠቅጥቆ፣ በሲባጎ አስሮ፣ አራት ማዕዘን እስር አድርጎ ከኋላው ይጥለዋል። እየጣለ መሄድ እንጂ ማንሣት አያውቅም። መስኩ ላይ የተንጠባጠበውን እስር አንድ በአንድ እየተሸከሙ መከመር የሸጌ ፋንታ ነው።

አከማመሯ ደግሞ የራሷ ነበር። ከታች ትደረድርና በላዩ ትደርባለች፤ ጫፉ ላይ፣ ጤዛ እንዳይዘልቀው ብላ፣ አንዱን እስር እንደ ቆብ ትደፋበታለች። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቆቡን አይቶ የሸጌ እጅ መሆኑን ያውቃል። አራጋው ዙር ጨርሶ በመጣ ቁጥር ሞተሩን ያጠፋል፤ እሷም ውኃ እየሰጠችው፣ ተቀምጦ የሚደክመው ወንድ አንተ ብቻ ነህ ትለዋለች። ይስቃሉ። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሳቅ ግን አልነፈጋቸውም። ለሌላው ምኑም ያልሆነ የመስክ ቀልድ ለእነሱ ትዳራቸው ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ሸጌ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። ምንም አይደለም እያለች ስትከራከረው፣ አራጋው እንደ ምንም ለምኖ ወልድያ አወረዳት። ሐኪሙ መረመራትና እሷ ልብሷን ስትለባብስ አራጋውን ነጠል አድርጎ ነገረው። የልቧ በር ጠቧል። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ተራ ይያዝላታል፤ ተራዋ እስኪደርስ ግን ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ካነሣች ልቧ ቀጥ ሊል ይችላል። ከዚያ ሐኪሙ እኔ ልንገራት ወይስ አንተ ብሎ ጠየቀው። አራጋውም እኔው እነግራታለሁ አለ።

ነገራት? አልነገራትም። በእኛ አገር እኮ ሕመምተኛው ሕመሙን የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዘመድ ያውቃል፣ የንስሐ አባት ያውቃል፤ የታመመው ሰው ብቻ ብርድ ነው እየተባለ ይኖራል። ይህንን ደግሞ ፍቅር እንለዋለን። አራጋውም ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ምን አለህ ብትለው፣ ብርድ ነው አለ አላት። ፊቷ ሲፈካ ሲያይ ጊዜ ውሸቱ ትክክል መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ጭንቀቱ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሸጌ እስር እንዳታነሣ። አትሥሪ ቢላት ለምን ትላለች፤ ለምን ካለች ደግሞ ነገሩ ሊወጣ ነው። ስለዚህ አባቱ የተዉለትን በቅሎ ሸጠና ጋሸና ወዳለው ብየዳ ቤት፣ ወደ ሂሻም ሄደ። ሂሻም እጁ ወርቅ የሆነ ሰው ነው። ስልኩ ላይ የውጭ አገር ገበሬዎች የሚሠሩበትን እስር ሰብሳቢ አሳየውና ወላሂ ይኼንንማ እሠራልሃለሁ አለው። ሠራለትም። ከማሰሪያው ኋላ የሚጎተት ሰፊ የብረት አልጋ ነው። እስሩ ከማሰሪያው ሲወጣ መሬት አይወድቅም፤ ብረቱ ላይ ገብቶ ፊተኛውን እየገፋ ይደረደራል። ስምንት ሲሞላ የኋላው መዝጊያ ራሱ ይከፈትና ስምንቱም ጎን ለጎን እንደ ተኙ ሸርተት ብለው መስኩ ላይ ያርፋሉ። መዝጊያውም ይመለሳል። የሰው እጅ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ቀን አገር ምድሩ ሊያይ ወጣ። አራጋው በደስታ ሊበር ደረሰ። ሸጌን መስኩ ዳር ካለው ጥድ ሥር አስቀምጧት፣ ዛሬ ሥራሽ ማየት ነው ብሏታል። እሷም ጋቢዋን ተከናንባ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ብረቱ ስምንት ስምንቱን ሲዘረግፍ ስታይ ዋለች። የአራጋው ታላቅ እህት ዘነቡ አጠገቧ ነበረች። ዘነቡ ክፉ አይደለችም፤ አፏ ግን ልጓም የለውም። ወንድሜ ጣውንት አመጣብሽ አለቻት፤ ያውም የማትታመም፣ የማታረጅ፣ ውኃ እንኳ የማትጠይቅ ጣውንት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸጌም ሳቀች። ሆዷ ግን ያችን ቃል ይዞ ቀረ።

እንዴትስ አይይዝ? ልጅ አልወለደችለትም። ከወልድያ ከተመለሱ ወዲህ እንስራ አትንኪ፣ እንጨት አትሸከሚ እያለ ከቤቱ ሥራ አንድ በአንድ አውጥቷታል። ያን የመሰለ በቅሎ ሸጦ ደግሞ ከመስኩም አወጣት። መውለድ ያልቻለች ሴት ሥራዋም ከተወሰደ ምኗ ሊቀር ነው? ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመችና ፊት ለፊት ጠየቀችው።

"አራጋው፣ ምን በድዬህ ነው?"

አራጋው ዞሮ አያት። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ልብሽ ታሟል ብሎ አንድ ጊዜ ቢተነፍሰው ኖሮ! ግን ዓይኗን ሲያይ አፉ ተሳሰረ፤ ከሰማች የምትሞት መሰለው።

"ምንም አልበደልሽኝም። እንዲያው ዕድሜሽም ገፋ፣ ደከምሽ፤ እረፊ ብዬ ነው" አላት።

ከቃል ሁሉ መርጦ ይህን ማለቱ! ሸጌ ጥላው ቀደመች። ቤት እስኪደርሱ ከፊት ከፊቱ ሄደች፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሱ እንዳይሰማባት ፊቷን አዙራ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ከእሱ ቀድማ ማሽኖቹ ያደሩበት መስክ ላይ ተገኘች። ቁርሱን ይዛለት መጥታ፣ ስቃ ተቀብላው፣ ጥዱ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። አራጋው የትናንቱ ቁጣዋ የበረደ መስሎት ሆዱ ቅቤ ጠጣ። ሞተሩን አስነሥቶ ጀመረ። መስኩ መኻሉ ላይ ጉብታ አለው፤ ከጉብታው ወዲያ ያለ ሰው ከወዲህ አይታይም፤ ከማሽኖቹ ኋላ የሚሆነውንም ሞተሩ አያሰማ፣ ብረቱ አያሳይ። አራጋው ከጉብታው ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ወደ ጥዱ ያያል፤ ጋቢዋ ነጣ ብሎ እዚያው ነው። ተመስገን ይላል። ወደ ጀመረበት ደግሞ ያያል፤ ድርቆሹ በየቦታው ተሰብስቦ ተቀምጧል። ተመስገን፣ ሂሻም እጅህ አይንቀጥቀጥ ይላል።

ረፋዱ ላይ ነው፣ ወዳሰረው ድርቆሽ ሲመለከት አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ክምሮቹ ቆብ ነበራቸው።

ብረት እስር ላይ እስር አይደርብም። አራጋው ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። ወደ ኋላ ዞሮ ሰብሳቢውን አየው፤ መዝጊያው ተከፍቶ በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ከጠዋት ጀምሮ ብረቱ አንድም እስር አልያዘም፤ እንደ ድሮው አንድ በአንድ ሲያንጠባጥብ ነው የዋለው። ወደ ጥዱ ሮጠ። ጉቶ ጋቢዋን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ውስጡ ሰው የለም። ስሟን እየጠራ ከጉብታው ወዲያ ወረደ።

ሸጌ የመጨረሻውን ክምር ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ቆብ የምታደርገው እስር ጭኗ ላይ ነው፤ ሲባጎውን አልለቀቀችውም። ሲያያት ፈገግ አለች።

"ያ ብረትህ ዛሬ አንድም አልሰበሰበ" አለችው በተቆራረጠ ትንፋሽ። "ሁሉም የኔ ነው። ቁጠረው። አላረጀሁም።"

አራጋው እስሩን ከጭኗ ገፍቶ አቀፋት። አሁን ምላሱ ተፈታ፤ ምን ዋጋ አለው።

"አፈር ስሆን ሸጌ! ብርድ አይደለም፣ ልብሽ ነው የታመመው። ሸክም አታንሣ ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ብረቱን ያሠራሁት ለዚያ ነው፤ እንዳትሞችብኝ ብዬ ነው።"

አተኩራ አየችው።

"አልጠላኸኝም?"

"እንዴት አድርጌ!"

"ብትነግረኝ እኮ" አለች፣ "ቁጭ እል ነበር።"

ተሸክሟት ወደ መንገዱ ወጣ። ከጋሸና የሚመጣ አይሱዙ አስቁሞ ወደ ላሊበላ ይዟት በረረ። መንገዱ ሳይጋመስ፣ ሸጌ ራሷን ደረቱ ላይ እንዳደረገች አለፈች። ሾፌሩ ዞር ብሎ ሲያይ አራጋው አሁንም እየነገራት ነበር፤ የልብ በር ምን እንደ ሆነ፣ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ፣ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳያስቀር።

ከተቀበረች በኋላ ዘነቡ ደረቷን እየደቃች፣ እኔ ነኝ ጣውንት ብዬ የገደልኳት አለች። አራጋው እንዳይደለች ነገራት። ሂሻምም ከጋሸና ለለቅሶ መጥቶ፣ ብረቱን ከዓይንህ ላርቅልህ ቢለው፣ ብረቱማ ምን አደረገ አለው።

ድርቆሹ መነሣት ስላለበት የማኅበሩ ሰዎች ጋሪ ይዘው መጡ። በመጀመሪያው ቀን ብረቱ የዘረገፈውን ጫኑ። ባለ ቆቦቹን ግን አራጋው ማንም እንዳይነካቸው አለ፤ እኔው አነሣቸዋለሁ አለ። ሰዎቹ ራቅ ብለው ቆሙለት። የመጀመሪያውን ቆብ በሁለት እጁ ያዘና ወደ ደረቱ ሳበው። ሲባጎው መዳፉን በላው። ጋሪው ዘንድ ሳይደርስ አንድ ጊዜ መሬት አስቀመጠው።

ይህን ሁሉ ዘመን እሱ የትራክተሩ ወንበር ላይ ነበር። እስር አንሥቶ አያውቅም። እዚያው እስሩ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላወቀም ነበርና።