ጭስ ያልወጣበት ፉርጎ

የሽርሽሩ ባቡር በሚነሳበት ቅዳሜ ንጋት ላይ በጥገና ሼዱ ግቢ ውስጥ የነበርነው እኔ ሊሳንድሮ፣ የባቡሩን እሳት የሚያነዱት ዶን ኤውሴቢዮ፣ በሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ ያደሩት ዶኛ ኤርሲሊያ፣ ልጃቸው ኔሊዳና የልጅ ልጃቸው ራዬን ነበርን። ወሩ ነሐሴ ነው፤ በእኛ ደቡብ አገር ብርዱ የሚጠናበት። ሀዲዱ፣ የእንጨቱ ክምር፣ የፉርጎዎቹ ጣሪያ፣ ሁሉም በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር።

የአዘቦቱ ባቡር ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሁን አሮጌው የእንፋሎት ባቡር በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሽርሽር ይወጣል። ያን ቀን የመንደራችን የአሮዮ ኔግሮ ሰው በግ ጠብሶ፣ በስብ የተጠበሰ ቂጣውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ልጆቹን አጥቦ ይሳፈራል። ከሩቅ የበግ እርባታ የሚመጡት ደግሞ በዋዜማው ደርሰው ፉርጎ ውስጥ ያድራሉ። በየፉርጎው መሐል የብረት ምድጃ ስላለ፣ ማቴ ለሚባለው የቅጠል መጠጥ ውሃቸውን እያፈሉበት ሲሞቁ ማደር ይችላሉ። በዚያ ዓመት መንገዱ በረዶ ስለነበር በዋዜማው የደረሱት እነዶኛ ኤርሲሊያ ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛውን ፉርጎ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ብዙ ወር ፈጅቶብኛል። የመስኮቶቹን እንጨት ቀየርኩ፣ በየጠርዛቸው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አጣበቅሁ፣ የወለሉን ስንጥቅ አንድ በአንድ ደፈንኩ። የእኛ አገር ነፋስ ቆሞ የሚሄድ ሰው ይጥላል። እዚያ ፉርጎ ውስጥ ግን ሻማ ቢበራ ነበልባሉ አይወዛወዝም። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በዚህ ሥራዬ ኮርቼ ነበር።

በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ እንጨት ወሰድኩላቸው።

“በሩን ዝጋው አንተ ልጅ፣ ብርዱን አስከትለህ አትግባብን” አሉኝ ዶኛ ኤርሲሊያ። ከዚያ እጃቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገው ነፋስ ፈለጉ፤ አላገኙም። “ቤት ማለት ይሄ ነው። የኔ ቤት ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ እያፏጨ ነው የሚያድረው።”

“ሊሳንድሮ ነው የሠራው፣ እማዬ” አለች ኔሊዳ። አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ።

“ታዲያ ጫማውን የሚያየው ለምንድን ነው? ጫማውንም እሱ ነው የሠራው?”

ኔሊዳ ሳቀች። እኔ እንጨቱን አስቀምጬ እንደገና ጫማዬን አየሁ። ራዬን አዲሱን ቀሚሷን ለብሼ ካልተኛሁ ብላ አክስቷን ኔሊዳን ታስቸግር ነበር። ባቡር ተሳፍራ አታውቅም። ዶኛ ኤርሲሊያን ደግሞ በዚህ ዓመት መጨረሻው ጣቢያ ላይ እህታቸው ከሩቅ መጥተው ይጠብቋቸዋል፤ ከተያዩ ዓመታት አልፈዋል።

ልወጣ ስል ዶኛ ኤርሲሊያ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወራ ሰው ሆነው “እሳቱ ፍም ሲሆን ጭሱን ዘጋ አደርገዋለሁ፤ እስከ ጠዋት ይቆየኛል” አሉ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ እጀታ ያለው መዝጊያ አለ። እሱን ማለታቸው ነው። እኛ አገር በየቤቱ እንዲሁ ነው የሚደረገው፤ እናቴም ታደርገዋለች። ቃሉን በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ ልብ አላልኩትም። ኔሊዳ እያየችኝ ስለነበር በቶሎ መውጣት ነበር የፈለግሁት።

ከኋላዬ በሩን ሲቀረቅሩት ሰማሁ። መቀርቀሪያው ባለፈው ዓመት የተደረገ ነው። አንድ የሰከረ አኮርዲዮን ተጫዋች ፉርጎ ተሳስቶ ሴቶች የተኙበት ገብቶ፣ ዶኛ ኤርሲሊያ በብረት ማንቆርቆሪያ ግንባሩን ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ የጣቢያው ሹም፣ ሴቶች ያደሩበትን ፉርጎ ራሳቸው እስኪከፍቱት ድረስ ወንድ እንዳይጠጋው አዘዙ።

ጠዋት ግቢው ስደርስ ዶን ኤውሴቢዮ ባቡሩ ላይ ነበሩ። እሳቱን ያያያዙት ከአንድ ቀን በፊት ነው። ውሃው የሚፈላበት ጋን፣ ቦይለሩ፣ ቀስ ተብሎ ካልሞቀ ይሰነጠቃል፤ እሳት ያለበት ቦይለር ደግሞ ሰው ተለይቶት አያድርም። ፊታቸው ጥላሸት ጠጥቶ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

የመንኮራኩሮቹን ዘይት እየሞላሁ ወደ ሁለተኛው ፉርጎ ስጠጋ ቀና አልኩ። ከጭስ ማውጫው ምንም አይወጣም። ቱቦው አፍ ላይ ውርጭ ተቀምጦበት ነበር።

ተመልሼ ሄድኩ።

“ዶን ኤውሴቢዮ፣ የነዶኛ ኤርሲሊያ ምድጃ አይጨስም።”

“ተኝተዋላ።”

“ዶኛ ኤርሲሊያ እስከዚህ ሰዓት ይተኛሉ?”

“ሴትዮዋ አንድ ቀን ቢያርፉ ምን ቅር አለህ? ወይስ የናፈቀችህ ሌላ ናት?”

ጆሮዬ ጋለ።

“ሄደህ እንዳታንኳኳ ብቻ” አሉ እንጨት እየወረወሩ። “የአኮርዲዮኑን ሰውዬ ግንባር አይተኸዋል አይደል? አንተ ደግሞ ከሱ ቀጭን ነህ። አትችለውም።”

ወደ ዘይቴ ተመለስኩ። ዶኛ ኤርሲሊያ በበግ እርባታው ከውሾቹ ቀድመው የሚነሱ ሴት ናቸው። በየዓመቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍተው “ውሃ የሚያመጣልኝ ወንድ ጠፋ እዚህ ግቢ?” ይላሉ። አሁን ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ነክታለች።

ባልዲ ውሃ ይዤ ሄድኩ፤ ባልዲው ምክንያት እንዲሆነኝ ነው። በሩን በአንድ ጣቴ ነካ ነካ አደረግሁት። እንዳይሰሙኝ የፈለግሁ ነበር የምመስለው። ቆይቼ በጉልበቴ መታሁት።

“ዶኛ ኤርሲሊያ፣ ውሃ አምጥቻለሁ።”

የአግዳሚ ወንበር ድምፅ፣ ሳል፣ የልጅ ለቅሶ፣ ምንም የለም። በመስኮቱ ለማየት ተንጠራራሁ። መስተዋቱ ከውስጥ ላብ ላብ ብሎት መጋረጃው ተለጥፎበታል። አንድ ሰው አይቶኝ ሴቶች በሚተኙበት በመስኮት ያጮልቃል ቢለኝስ ብዬ ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው የማታው ንግግር ወደ ራሴ የተመለሰው። ጭሱን ዘጋ አደርገዋለሁ።

ጭሱን በመዝጋት የሞተ ሰው እኛ መንደር ሰምቼ አላውቅም። ቤቶቻችን የጭቃ ጡብ ናቸው፤ ነፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የፍሙ መርዝ ቢታመቅም ነፋሱ ጠራርጎ ይወስደዋል። ይህ ፉርጎ ግን ስንጥቅ የለውም። አንድም አላስቀረሁለትም።

አንድ ጊዜ ግን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከከተማው ውጭ መንገድ ዳር የከሰል ማንደጃ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ሲያወጡት ከሰዉ ጋር ቆሜ አይቻለሁ። የሞተ አይመስልም ነበር። ጉንጩ ቀልቶ፣ ከእኛ ሁሉ እሱ ጤነኛ ይመስል ነበር።

ባልዲው ከእጄ ወድቆ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሮጥኩ።

“ጭሱን ዘግተውት ነው ያደሩት” አልኳቸው ዶን ኤውሴቢዮን። “ማታ ሲሉ ሰምቻለሁ። ዘግተውት ነው ያደሩት። አይመልሱም።”

ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

“አንኳኳህ?”

“አንኳኳሁ። ጠራሁ።”

የግፊት መለኪያውን አዩ። መርፌው ገና ከታች ትንሽ ብቻ ነው የተነሳው። ቢሆንም የፊሽካውን ገመድ ያዙና በሙሉ ክብደታቸው ጎተቱት። ትኩስ ውሃ ተፋ፤ ከዚያ እንደታመመች ላም ያለ ረዥም ድምፅ አወጣ፤ እየሰለለ ጠፋ። ሁለታችንም ወደ ፉርጎው አየን። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

“መስኮቱን ስበረው” አሉ ዶን ኤውሴቢዮ።

“ተኝተው ከሆነስ? ቢቆጡስ?”

“ይቆጡ። እንዲያውም ቢቆጡ ደስ ይለኛል። ሂድ።”

መዶሻ ይዤ ስሮጥ ውርጩ ላይ ወደቅሁ፤ ተነሳሁ። ከበሩ አጠገብ ያለውን መስተዋት መታሁት። አንዴ አልበቃውም። ደህና አድርጌ ነበር የገጠምኩት፤ ከጠርዙ አልላቀቅም አለ። እየመታሁ “ሊሳንድሮ ነኝ፣ ሊሳንድሮ ነኝ” እል ነበር፤ ለማን እንደምናገር አላውቅም። እጄን አስገብቼ መቀርቀሪያውን ስፈልግ ስባሪው ክንዴን ቀደደው። ደሙ መቀርቀሪያውን አንሸራተተብኝ። ተከፈተ።

ውስጡ ሞቃት ነበር። ሽታ የለውም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ምድጃው ውስጥ አመድ ለብሶ ትንሽ ፍም አሁንም ቀይ ነበር። ራዬን ቀሚሷን ለብሳ አግዳሚው ላይ ተኝታለች። ጉንጯ ቀልቷል።

አነሳኋት። አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ። ትንፋሼን ይዤ ወጥቼ ውርጩ ላይ ኮቴን አንጥፌ አስተኛኋትና ተመለስኩ። ኔሊዳን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። በሕይወቴ እጇን እንኳ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን እግሯ ደረጃው ላይ እየተላተመ እንደ ጆንያ ጎተትኳት። ለዶኛ ኤርሲሊያ ስገባ ትንፋሼን መያዝ አልቻልኩም። ከባድ ሴት ናቸው። ከአግዳሚው አውርጄ ሁለት ጊዜ ስቤ ጉልበቴ ከዳኝ። ራሴ በመዶሻ የተመታ ያህል ይወቅረኝ ጀመር። በሩ ቅርብ ነበር፤ ግን ሩቅ መሰለኝ።

አንድ ሰው ከኋላ ቀበቶዬን ይዞ ጎተተኝ። ዶን ኤውሴቢዮ ናቸው። እሳቱን ትተው መጡ። እሳት ትተው ሲሄዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለታችን ተጋግዘን ዶኛ ኤርሲሊያን አወጣናቸው።

“ወደ ጣቢያው ስልክ ሩጥ፣ አምቡላንስ ጥራ” አሉኝ።

“እግሬ አይሄድም።”

“እንግዲያው አንተ እዚህ ሁን፤ በጎናቸው አስተኛቸው” ብለው ራሳቸው ወደ ጣቢያው ስልክ ሮጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሮጡ አንድ እግራቸው ይጎተታል።

ብቻዬን ቀረሁ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ በእንብርክኬ ሄድኩ። አፋቸው አጠገብ ጆሮዬን ሳደርግ የራሴ ልብ እየመታ የማንንም ትንፋሽ አላሰማኝ አለ። ከዚያ ውርጩ ላይ ከራዬን አፍ ቀጭን እንፋሎት ሲወጣ አየሁ። ትንሽ ነው፤ ግን ወጣ፤ ቆይቶ እንደገና ወጣ። ከኔሊዳም አየሁ። ከዶኛ ኤርሲሊያ አፍ ብዙ ጠበቅሁ፤ በመጨረሻ አንድ ረዥም ማንኮራፋት ሰማሁ፤ ከዚያ ፀጥ አሉ። የሚቀጥለው እስኪመጣ ድረስ ዓይኔን ከአፋቸው አልነቀልኩም።

መጀመሪያ የነቃችው ራዬን ናት። አስመለሳትና አለቀሰች።

“ባቡሩ ሄደ?” አለችኝ።

“አልሄደም።”

“ሳንሳፈር እንዳይሄድ።”

“አይሄድም። አሁን በኃይል ተንፍሺ። እንደዚህ።”

ኔሊዳ ዓይኗን ስትከፍት የት እንዳለች አላወቀችም። እጄን አየች፤ ደሙን አየች፤ የተሰበረውን መስኮት አየች።

“ምን ሆነህ ነው መስኮቱን የሰበርከው?” አለችኝ፤ ምላሷ ተሳስሮ።

እናቷን አሳየኋት። ተንፏቅቃ ሄዳ ጉንጫቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

ዶን ኤውሴቢዮ ተመልሰው መጡ። ዶኛ የሚለውን ማዕረግ ጥለው ተንበረከኩ። “ኤርሲሊያ። ኤርሲሊያ፣ ተነሺ፣ ውሃ የሚያመጣልኝ ወንድ ጠፋ በይ እንጂ። ኧረ ስደቢኝ ባክሽ። አንድ ቃል ስደቢኝ።” ዶኛ ኤርሲሊያ አልተሳደቡም። አምቡላንሱ ሲደርስም ዓይናቸውን አልከፈቱም ነበር። ሦስቱንም ጭኖ ሄደ።

ተሳፋሪዎች ቅርጫታቸውን ይዘው መሰብሰብ ጀመሩ። ምን እንደሆነ ሲሰሙ ወደ ምድጃዎቹ እያዩ ያንሾካሹኩ ነበር። የጣቢያው ሹም ክንዴን በጨርቅ አሰሩልኝ። በየፉርጎው ገብቼ የጭስ መዝጊያዎቹን እጀታ በመዶሻ እየመታሁ ነቀልኩ። አንዲት ሴት “እሳቱ ቶሎ ያልቅብናል እኮ፣ አንተ” አለችኝ። ወደ ሁለተኛው ፉርጎ ስመጣ ከደረጃው ማለፍ አልቻልኩም። በሩ ክፍት ነበር፤ የራዬን ጫማዎች አግዳሚው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታዩኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ የአምቡላንሱ ሹፌር ተመልሶ መጣ። ዶኛ ኤርሲሊያ ነቅተዋል አለ፤ ራሳቸውን ክፉኛ እያመማቸው ነው፤ የእህታቸውን ስም ግን ማስታወስ አልቻሉም። ሐኪሙ ማስታወሳቸው ሊመለስላቸው ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብሏል።

ባቡሩ እኩለ ቀን ላይ ተነሳ። ሁለተኛውን ፉርጎ ከሌሎቹ ፈትተን ሼዱ ውስጥ ተውነው።