ባለ ፎቁ ዋንጫ

1

አልገባም።

በጎን ሞከሩት፣ አልገባም። ዘቅዝቀውም ሞከሩት። አሁን ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ጋሽ ምንዳዬን ያያል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነውና ትንሽ ታገሱ።

2

ዋንጫውን የሠራው ራሱ ጋሽ ምንዳዬ ነው፣ የኮምቦልቻው በያጅ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ክረምት ክረምት ቦርከና ዳር ኳስ ይጋጠማሉ፤ ላሸነፈ የሚሰጥ ነገር ግን አልነበረም። የዋንጫውን ሆድ ከአሮጌ ማንቆርቆሪያ፣ መቀመጫውን ከመኪና ቸርኬ በየደና ወርቃማ ቀለም ቀባው። ታች ሰፈር፣ ማለትም የራሱ ሰፈር፣ አሸንፎ ዋንጫው እቤቱ ቡፌ ላይ ጉብ ሲል ገና ድሮ ታየው። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

3

ታች ሰፈር ተሸነፈ።

4

ተሸነፈ።

5

ተሸነፈ። (በየዓመቱ እንዳልጽፈው ይቅርታችሁ።)

6

ያሸነፈ ሰፈር ዋንጫው ላይ የራሱን ምልክት ይጨምራል። ደንቡን ያወጣው እሱው ነው፤ ያሰበው ትንሽ የስም ሰሌዳ ነበር። ላይ ሰፈሮች ግን ሰሌዳ መች ይበቃቸዋል? ፎቅ ጨመሩበት። በዓመቱ ሌላ ፎቅ። ቀጥሎ ክንፍ። የሚበይደውስ ማን ሆነና? ጋሽ ምንዳዬ ጥርሱን ነክሶ በየደላቸው፤ ግን አሳምሮ።

7

ሚስት (እትዬ አሰለፈች)፦ ዘንድሮስ ምን አስጨመሩህ?
ባል፦ ፏፏቴ።
ሚስት፦ ውሃ ያለው?
ባል፦ የለውም።
ሚስት፦ እሱስ ተመስገን ነው።

8

ባለፈው እሁድ ታች ሰፈር አሸነፈ። ጎል መተረክ አልችልበትም። ጭቃ ነበር፣ ኳሷ መሐል ላይ ተቀረቀረች፣ አምበሉ ስመኘው ተንሸራቶ ከነጭቃዋ ገፋት፣ ገባች። ጋሽ ምንዳዬ ሰው ፊት አለቀሰ፤ ደስታው ከአቅሙ በላይ ነበር።



(ይህ ቦታ እልል ለምትሉ ነው።)



9

ዋንጫውን በጋሪ ጭነው፣ እየጨፈሩ እቤቱ አመጡት። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ይበልጣል የሚባለው የላይ ሰፈር አምበል እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጥቶ ነበር። ሳቁን አፍኖ ቀረብ አለና፣ "ጋሼ፣ ፎቁን ቁረጠው። የኛ ነው፣ ቅር አይለንም" አለው። ከልቡ ነው ያለው።

ያን ሁሉ ፎቅ ግን የበየደው የጋሽ ምንዳዬ እጅ ነው። የብረት በሩም የእጁ ሥራ ነው፤ ሲጋቡ ለአሰለፈች ጽጌረዳ አበባ አውጥቶ የሠራላት። አንዴ ፎቁን አየ፣ አንዴ አበባውን።

እትዬ አሰለፈች ገብታ የብረት መቁረጫውን አመጣችና እጁ ላይ አኖረችው።

"እኔን ምን ታየኛለህ? ዋንጫህን አስገባ።"

መነጽሩን አጠለቀ። ሕፃናቱን ወደ ኋላ በሉ አላቸው። ብልጭታው ተነሳ፣ ሰፈሩ በጭብጨባ ቀለጠ፣ የተቆረጠውም ብረት መሬት ላይ ዱብ አለ።

10

የቆረጠው በሩን ነው።